ቤት አለ፤ ደጅ የለም

ልብ ወለድ ሲታተም የሚተች አይጠፋም። ቴአትር ሲከፈት፣ ሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ ሲሰቀል ሁለት ሦስት ሰው ብዕሩን ያነሣል። አንድ መንደር ተነድፎ፣ ተገንብቶ ሰው ሲገባበት ግን ሐያሲ የለውም። መሐንዲሱ ያስረክባል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ባለ ዕጣው ቁልፉን ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ ነው። መጥፎ መጽሐፍ ግማሹ ላይ ሊዘጋ ይችላል። መጥፎ ቴአትርንም ተመልካች ጥሎት ይወጣል። መጥፎ ሰፈር ግን የዕድሜ ልክ ንባብ ነው፤ ያውም ከነልጅ ልጅ። በዚህ ጽሑፍ ቦሌንና ከቦሌ በስተምሥራቅ የተዘረጉትን ሰፈሮች፣ ገርጂን፣ ሰሚትን፣ ሲኤምሲን፣ አያትን፣ እንደ ድርሰት አንብቤ የበኩሌን ለማለት የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

የሂሴ ፍሬ ነገር በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ደጅ።

ለመሆኑ ደጅ ምንድን ነው? ቤት አይሉት፣ መንገድ አይሉት። ከቤቱ የወጣ ሰው መንገደኛ ከመሆኑ በፊት፣ መንገደኛውም እንግዳ ሆኖ ከመግባቱ በፊት ቆም የሚልባት ቦታ ናት። አማርኛችን ለዚች ቦታ የሰጠው ክብር ያስገርማል። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ የተወለደው ከደጅ ነው። ሹመት ፈላጊ ደጅ ይጠናል። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አላት። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚለምነው ከሰው ደጅ ቆሞ ነው። የተጣላም ሽማግሌ የሚልከው በቅድሚያ ወደ ደጅ ነው። ቤት የባለቤቱ፣ አደባባይ የመንግሥት ሲሆን፣ ደጅ የጎረቤት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ አበባም ብትሆን በደጅ ያደገች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ሎሌው፣ ወታደሩና ባለሙያው በየጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው የዚያ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው። በነዚህ ሰፈሮች ሀብታሙና ድሀው አጥር ለአጥር ተዋስነው ኖሩ። ቤቱ ጠባብ ስለ ነበር ኑሮ ወደ ውጭ ፈሰሰ። በርበሬ የሚሰጣው፣ ልጅ ገላውን የሚታጠበው፣ ቡና የሚፈላው ደጅ ላይ ነበር፤ ጠብ የሚነሣውም፣ የሚበርደውም እዚያው ነበር። ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው የት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን የምለው የድሮውን ሰፈር ለማቆንጀት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ተሰልፎ የሚጠብቀው አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ምርጉ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ናፍቆት የሚገባቸው ነገሮች አይደሉም። ከዚያ ኑሮ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የራሱን ቧንቧ ሲከፍት የሚሰማውን ደስታ ተከራይ ሆኜም አውቀዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለቧንቧውና ለመጸዳጃ ቤቱ ዋጋ ደጅን መክፈል የግድ ነበር ወይ?

*

በቪላው ሰፈር እንጀምር። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የተዛወረው በ1950ዎቹ ነው። መንገዱን ተከትለው የባለ ሥልጣኑ፣ የዲፕሎማቱና የአዲሱ የተማረ ክፍል ቪላዎች በቀሉ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገና፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ። በደርግ ዘመን የቤት ሥራ ማኅበራት የሠሯቸው ቤቶች የዚህ ልክ ልጆች ናቸው። ሲኤምሲ የሚለውም ስም ከአንድ የጣሊያን ተቋራጭ ኩባንያ ወርሰን ያስቀረነው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የሪል እስቴት መንደሮች ቪላውን አብዝተው፣ አጥሩን አስረዘሙት።

እስቲ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀርባ ተነሥታችሁ ውስጥ ለውስጥ ወደ ገርጂ በእግራችሁ ዝለቁ። በግራም በቀኝም የምታነቡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግንብ፣ የብረት በር፣ ግንብ፣ የብረት በር። ግንቡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፤ ወይም የሾህ ሽቦ ተጠምጥሟል። በየበሩ ከዘበኛ በስተቀር ሰው አይታይም፤ ዘበኛውም የተቀጠረው ግቢውን እንጂ መንገዱን እንዲጠብቅ አይደለም። ከግንቡ ወዲያ ጽጌረዳና ቡጌንቢሊያ፣ ሣርና የተወለወለ በረንዳ አለ። ከግንቡ ወዲህ አቧራና ክዳኑ የጠፋ ቱቦ አለ። ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ሁሉ ወደ ሰው! እንግዲህ በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ብናገር፣ ይህ ለአንባቢ ጀርባውን የሰጠ ድርሰት ነው።

የአጥሩ ምክንያት ሌባ ነው ይባላል። ምክንያቱን አልንቅም። ነገር ግን አጥሩ ከሌባ ጋር የተዋዋለውን ውል ልብ እንበል። ሁለት መቶ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ አንድም መስኮት ወደ ውጭ ካላየ፣ ማታ ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ የምትሄደው ልጅ ቦርሳዋን ብትነጠቅ ማን ያያል? እንደ እኔው በጋዜጠኝነት ሙያ የኖረችው አሜሪካዊት ጄን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው፣ ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት በሚናገረው መጽሐፏ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። የመንገድን ሰላም ከፖሊስ ይልቅ የሚጠብቀው በመንገዱ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ዐይን ነው፤ ባለ ሱቁ፣ በመስኮት የምታይ እናት፣ በር ላይ የተቀመጠ አዛውንት። የከተማ ፕላን ትምህርት ቤት ገብታ አልተመረቀችም፤ የምትኖርበትን መንገድ በትዕግሥት አየች እንጂ።

እኛም ይህን ለማወቅ ኒው ዮርክ መሄድ አያስፈልገንም። በነዚያ ረጃጅም ግንቦች መካከል አንዲት የጉሊት ሴት ሽንኩርትና ቲማቲሟን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ደርድራ የተቀመጠችበትን ማዕዘን ፈልጉ። ልጃገረዶች ማታ በዚያ በኩል ማለፍ ይመርጣሉ። ሠራተኞች እዚያ ቆመው ያወራሉ፤ ዘበኛው ከሣጥኑ ወጥቶ ይቀላቀላቸዋል። ያቺ ሴት ሳታውቀው ደጅ ከፍታለች። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን በየመንገዱ ዳር ተሠርተው ሕዝቡ «አርከበ ሱቅ» ብሎ የጠራቸው ትንንሽ ሱቆችም የብዙ ደረቅ መንገድ ዐይን ሆነው ኖረዋል። የሠሩት ለሥራ ፈጠራ ነው፤ ያስገኙት ግን ሰላምንም ነበር።

*

ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንለፍ። ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የከተማው አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር ሆኖ የሙከራውን መንደር በቦሌ ገርጂ አቆመ። ቀጥሎ የተነሣው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም 400 ሺህ ቤቶችን የመሥራት ዕቅድ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ በመላ አገሪቱ 171 ሺህ ያህሉ ተሠርቷል። ለድሀ አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ንፉግ ካልሆንን በቀር ማመስገን ይገባል። ከዚያ ወዲህ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ አያት እያለ ምሥራቁ በጂ ፕላስ አራት ተሞላ።

የመጀመሪያዎቹ ነዳፊዎች ባህላችንን ረስተዋል ማለት አይቻልም። ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር የማይበልጥ፣ ባለ ሁለት መኝታውም 45 የማይሞላ መሆኑን ስላወቁ፣ ለብሎኮቹ «ኮሙናል» የምንለውን የጋራ መገልገያ ቤት ነደፉ። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ ለምን በብዙ ቦታ ወደ ኪራይ ሱቅ፣ ወደ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዕቃ ማከማቻ ተለወጠ? የኤሌክትሪክ ምጣዱ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። እኔ ግን ሌላም አያለሁ። ኮሙናሉ ከደረጃው አፍ ርቆ ለብቻው የቆመ ቤት ነው። ሰው ሥራ ይዞ ይሄድበታል እንጂ ሲወጣና ሲገባ አያልፍበትም። ነዳፊው የጎረቤትን ሥራ ቆጥሮ ቦታ ሰጠው፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥም ሥራ መሆኑን ግን አልቆጠረም። ደጅ ላይ ከሚደረገው ነገር ትልቁ ደግሞ ምንም ነገር ሳያደርጉ መቀመጥ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ላሳይ። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከመሀል ከተማ የቀበሌ ቤት የመጡ አንዲት እናት አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሊፍት የለም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአምስት ሰዓት ግድም፣ በርጩማቸውን ይዘው ይወርዱና ምድር ላይ ካለው ሱቅ አጠገብ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ባለ ሱቁ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ካርቶኖቹን ያነሣላቸዋል። «ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ደረጃው ላይ ሰው ሁሉ ደኅና ዋሉ ይለኛል፤ ግን ሰላምታው እየወጣ ነው፣ እየወረደ ነው። የሚቀመጥ የለም።» ከዚህ የተሻለ የሕንፃ ሂስ አላነበብኩም። ደረጃው ለሁለት ሰው መተላለፊያ ይበቃል። ለአንድ ረከቦትና ለሦስት በርጩማ የሚበቃ አንድ ሜትር ቢጨመርለት ኖሮ እማማም አምስት ሰዓትን ባልጠበቁ ነበር።

ነገሩ ከቡና ያለፈ ነው። አምና ከምኖርበት ብሎክ ትይዩ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አረፉ። ማረፋቸው የታወቀው በሦስተኛው ቀን፣ የማኅበሩን መዋጮ የሚሰበስበው ልጅ ደጋግሞ አንኳክቶ መልስ ሲያጣ ነው። ከታወቀ በኋላ ግን የሆነውን ማየት ነበር! ባለ መኪናዎች ፓርኪንጉን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቀቁ። ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ይዘው ከየፎቁ ወረዱ። ሦስት ቀን ሙሉ የማያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ተቀመጡላቸው። ስለዚህ «ዘመኑ ከፋ፣ ሰው ራስ ወዳድ ሆነ» የሚለውን የተለመደ ወቀሳ አልቀበልም። ሰዉ ያው ነው፤ ዕድሩም ያው ነው። በድሮው ሰፈር አዛውንቱ ጠዋት በራቸውን ባይከፍቱ እስከ ቡና ሰዓት ሳይጠየቁ አይቀሩም ነበር። እኛ ሰው የምናለቅስበት ቦታ አላጣንም፤ ሰው በደኅና ቀን የምናይበት ቦታ እንጂ።

የኮንዶሚኒየሙ ድርሰት ያማሩ ምዕራፎችም አሉት፤ እነዚያን አለመጥቀስ ግፍ ነው። ምድር ቤቱን ለንግድ መስጠቱ ታላቅ ብልኅነት ነበር። ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አትክልት መሸጫው ባይኖሩ ሰሚት ከመሸ በኋላ ምን ትመስል እንደ ነበር አስቡት። ነዋሪውም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በብሎኮቹ መካከል ዛፍ የተከለ፣ አሮጌ አግዳሚ ወንበር ጎትቶ ያወጣ፣ ለፋሲካ ቅርጫውን ፓርኪንጉ ላይ የከፈለ፣ ኮብልስቶኑን ለኳስ ያዋለ አለ። እነዚህ ሁሉ ሕዝቡ በድርሰቱ ኅዳግ ላይ የጻፋቸው እርማቶች ናቸው። ጎበዝ ደራሲ ለሚቀጥለው እትም ኅዳጉን ያነባል።

*

ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ሌላ ነገር እናያለን። የቀለበት መንገዱ ሲሠራ በቦሌና በመገናኛ መካከል ወዲህና ወዲያ የነበሩ ጎረቤታሞች በግንብና በመሻገሪያ ድልድይ ተለያዩ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለብዙ ሠራተኛ እፎይታ ቢሆንም፣ በሲኤምሲ መስመር ሐዲዱን የከለለው አጥር ፊት ለፊት የሚታየውን ዳቦ ቤት የሩቅ አገር አደረገው። መኪናን ወይም ባቡርን ለማፍጠን በተሳበ መስመር ላይ፣ የሚዘገየው ሁልጊዜ እግረኛው ነው።

በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም መኪና የማይገባባቸው እሑዶች ሲጀመሩ የከተማው ሕዝብ ከልጅ እስከ ዐዋቂ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም እንጂ በከተማችን ስለ መንገድ ከተባለው ሁሉ የተሻለው እርሱ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለውን መስመር ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና መቀመጫ ሰጥቶታል። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለመንቀፍ ስል ዐይኔን አልጨፍንም።

ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ፣ ከዚያ ካማረ መንገድ ታጥፋችሁ መቶ እርምጃ ብትገቡ ያው ግንብና ያው የተከፈተ ቱቦ ይጠብቃችኋል። ኮሪደር የቤት መተላለፊያ ነው፤ መኖሪያው ክፍሉ ነው። ሰው ከሚኖርበት በር እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ካልተበጀ፣ ለመንሸራሸርም ታክሲ መሳፈር ሊያስፈልገን ነው። ሁለተኛ፣ ፒያሳንና ካዛንቺስን ከመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች ሰዎች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄዱ ካሳ የሚሰላው በቤት ወይም በካሬ ሜትር ነው። ለደጅ የወጣ ስሌት የለም። ለአርባ ዓመት አብሮ የቆየ ዕድር በአራት ሳይት ሲበተን የጠፋው ነገር በየትኛው ሰነድ ላይ ይጻፋል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት አባቶቻችን የቅርቡ ጎረቤት ሩቅ ሲሆን ምን እንደሚባል አልነገሩንም።

*

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐያሲ መንቀፍ እንጂ መፍትሔ መስጠት ግዴታው አይደለም የሚባል ፈሊጥ አለ። ሰፈር ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያው ማደራችን ነውና።

ሆላንዶች በእነርሱ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴልፍት በምትባል ከተማ የመኖሪያ መንገዶችን «ቮነርፍ» አሏቸው፤ የመኖሪያ ግቢ እንደ ማለት ነው። መኪና እንዳይገባ አልከለከሉም። መንገዱን ድንጋይ አነጠፉበት፣ አጠማዘዙት፣ ዛፍና ወንበር መሀሉ ላይ ተከሉ፤ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት እየተለማመጠ እንዲያልፍ አደረጉት። በ1976 ሕግ አወጡለት። እኛስ? ከ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ጀምሮ ጎረቤት ገንዘብ እያዋጣ የሠራው የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን የዚህ ዘመድ ነው። ድንጋዩ መኪናን ያዘገያል፣ ጭቃን ያስቀራል፣ ልጅን ያስቦርቃል። የጎደለው አንድ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ቀን ቀን መኪና አይቁምበት የሚል ስምምነት ነው።

ለቪላው ሰፈር ምክሬ አጥሩን አፍርሱ የሚል አይደለም። ከወገብ በላይ ያለው የግንቡ ክፍል በብረት ፍርግርግ ቢተካ ሌባ አይገባም፤ ጽጌረዳው ግን ወደ መንገድ ይወጣል። ከበሩ ጎን የግንብ መቀመጫ ማውጣት የጥቂት ብሎኬት ወጪ ነው። የጉሊቷን ሴት ደንብ አስከባሪ ከማባረር ይልቅ ጥላ ሠርቶ ቦታዋን ማጽናት ለሰፈሩ የሚከፈል ርካሽ የጥበቃ ደመወዝ ነው።

ለኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ደግሞ፦ የደረጃውን አፍ አስፉልን። የጋራ መገልገያውን ሰው ከሚያልፍበት አጠገብ አምጡት። የምድር ቤቶች በር ወደ ብሎኩ ውስጥም ይከፈት። የድንኳን ቦታ ገና በንድፉ ላይ ይሰመር፤ በማይተከልበት ቀን የልጆች ሜዳ ይሁን። መሬት ውድ ነው፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ አለው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን መኪና ለማቆም የሰጠነውን ስፋት ለሰው መቀመጫ ከሰጠነው ጋር አስተያዩና ውድነቱ የሚታወሰን ለማን ሲሆን እንደሆነ ፍረዱ።

ነዳፊውን ብቻ ተጠያቂ አድርገን እኛ ነጻ አንወጣም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያውን በባለቤቶች ማኅበር እጅ ሰጥቷል። ያ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አጀንዳ የዘበኛ ደመወዝ፣ የውሃ ፓምፕና የፓርኪንግ ቁጥር ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ አራተኛ ጥያቄ ይጨምር፤ ኪራይ የሚከፈልበት ኮሙናል ግማሹ ተመልሶ መቀመጫ ይሁን ወይ? ወጪው ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቀን የቀለም ሥራ ነው። ድምፅ ለመስጠት ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ለማይችሉት ውክልናቸውን ይዛችሁ ግቡ።